የተበየደ ወንበር ከእሳት በቀር አይነቅለውም? እውነት ወይስ ተረት?

አሮጌ ሚኒባሱን ወደ ጭነት ሊቀይር ጋራዥ የገባ ሰው ይቺን ሳይሰማ አይወጣም፦ «የወንበሩ እግር ተበይዷል፤ በጋዝ ካልተቆረጠ ንቅንቅ አይልም።» እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ደህና ብየዳ በዙሪያው ካለው ስስ ላሜራ ይጠነክራል። በብረት ዘንግ ሊፈነቅል የታገለ ሰው፣ ብየዳው እንዳለ ሆኖ ወለሉ ተቀዶ ሲመጣ ያያል፤ ከዚያ በኋላ እሳት እሳት ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ብየዳው እግሩን ዙሪያውን አልያዘውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው እዚህም እዚያም ነው። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ይፋቁት። የፋብሪካ ነጥብ ብየዳ ከሆነ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ፣ ክብ፣ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ብቅ ይላሉ። የአንዱን መሃል በሹል ብረት መታ አድርገው በ8 ሚሊሜትር መብሻ የላይኛውን ብረት ብቻ ይብሱ። የታችኛው ሳይነካ እጅን መሰብሰብ ነው ጥበቡ። ስስ መሮ በመሃል ሲገባ ቀጭ ብሎ ይላቀቃል። የሠፈር ጋራዥ የበየደው ከሆነ ደግሞ ጉብታውን በግራይንደር ልጦ የቀረችውን በመሮ መስበር ነው።

«ጋዝ ይፈጥናል» ይላሉ። ይፈጥናል! ግን ከወለሉ ሥር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ያልፋል፤ የግራይንደር ብልጭታም ቢሆን አይታመንም፤ ስለዚህ ምንጣፉን አንስተው፣ ከሥር አጎንብሰው ሳያዩ አይጀምሩ። እሳት የነካው ስስ ላሜራ ይጣመማል፤ መከላከያ ቅቡም ይቃጠላል። ዝገቱ ግን የሚታየው ክረምት አልፎ ነው። ያኔ የቆረጠውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ተረቱ የኖረው በዚህ ነው።

«ጭሱን ወተት ያጥበዋል» የምትለዋም አለች። ወተት ወደ ሆድ፣ ጭስ ወደ ሳንባ፤ የት ይገናኛሉ? የላሜራው የዚንክ ቅብ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ የአሴቲሊን ነበልባል ከ3,000 ያልፋል። ያንን ትነት የማገ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን በራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ወተቱ ነው። ወተቱን ለቁርስ ያድርጉት፤ ለሥራው በርና መስኮቱን ይክፈቱ፣ ለጭስ የተሠራ ማስክ ያጥልቁ።

የተበሱትን ቀዳዳዎች ደግሞ ራቁታቸውን አያሳድሯቸው፤ አንቲረስቱ የዚያኑ ዕለት ይቀባ።