የሮብ ገበያ አፈር ለምን ኮመጠጠ? ኖራውስ ምን ይሠራለታል?

የዚህ እትም የሳይንስ አምድ ተራ የእኔ ነው። ሮብ ሮብ ገበያ ስንወጣ ትልልቆቹ ስለ ገብስ ሲያወሩ «መሬቱ ኮምጥጧል» ሲሉ ሁላችንም እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው፤ አፈር እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል። እንዴት እንደሚኮመጥጥ፣ በምንስ እንደሚድን እስኪ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በተማርነው እንየው።

1ኛ/ መኮምጠጥ ማለት ምንድን ነው?

ውሃ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን ሲበዛ ውሃው አሲድ ይሆናል። አፈርም በውስጡ እርጥበት ስላለው በዚያ እርጥበት ውስጥ ሃይድሮጂን አዮን ከበዛ አፈሩ አሲዳማ ሆነ እንላለን። መለኪያው ፒኤች ይባላል። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፒኤች በ1 ሲወርድ የሃይድሮጂን አዮኑ መጠን 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፒኤች 5 የሆነ ማሳ ፒኤች 7 ከሆነው ማሳ 100 እጥፍ አሲድ አለው ማለት ነው። ከ7 እስከ 5 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት!

ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። አሉሚኒየም የምናውቀው በድስት ነው፤ ግን በአፈር ውስጥም ሞልቷል። አፈሩ ደህና ሲሆን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀመጥ ማንንም አይጎዳም። አሲዱ ሲበረታ ግን ይሟሟና የሰብሉን የሥር ጫፍ ያጠቃዋል። ሥሩ ካጠረ ገብሱ ውሃም ምግብም አያገኝም። በዚያ ላይ ከማዳበሪያ የሚመጣውን ፎስፈረስ ይህ አሉሚኒየም ይይዘዋል። ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ይበትናል፣ ገብሱ ግን አይበላውም።

2ኛ/ ለምን እኛ ጋ በረታ?

ጮቄ ሥር ያለን ሰዎች ዝናብ አናጣም። ዝናቡ ግን ዘመን በዘመን ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ወደ ወንዝ ይወስዳል። እኛም ፍሬውን ለእህል፣ ገለባውን ለከብት አድርገን ጠራርገን እናነሳለን፤ ወደ መሬቱ የምንመልሰው ጥቂት ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከሀገራችን የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው ይባላል።

ሦስተኛው ምክንያት ዩሪያ ነው። የኦክሲዴሽን ቁጥር የሚመጣውም እዚህ ጋ ነው።

3ኛ/ ዩሪያው አፈር ውስጥ ምን ይሆናል?

ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ከዚያ ባክቴሪያዎች በአየር ኦክስጅን ረዳትነት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፦

አሞኒየም + 2 የኦክስጅን ሞለኪውል → ናይትሬት + ውሃ + 2 ሃይድሮጂን አዮን

መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን አያችኋቸው? አሲድ የሚባሉት እነሱ ናቸው።

አሁን የናይትሮጂንን የኦክሲዴሽን ቁጥር እንፈልግ። ሕጉ አጭር ነው። በእነዚህ ውህዶች ውስጥ ሃይድሮጂን +1፣ ኦክስጅን −2 ነው። ብቻውን ያለ ንጥረ ነገር 0 ነው። የሁሉም ድምር ደግሞ ከአዮኑ ቻርጅ ጋር እኩል መሆን አለበት።

• አሞኒየም፦ 1 ናይትሮጂንና 4 ሃይድሮጂን አለው፤ ቻርጁ +1 ነው። 4 ሃይድሮጂን +4 ስለሆነ ናይትሮጂኑ −3 ነው።

• ናይትሬት፦ 1 ናይትሮጂንና 3 ኦክስጅን አለው፤ ቻርጁ −1 ነው። 3 ኦክስጅን −6 ስለሆነ ናይትሮጂኑ +5 ነው።

ናይትሮጂን ከ−3 ወደ +5 ወጣ፤ 8 ኤሌክትሮን ሰጠ ማለት ነው። ማን ተቀበለው? 2ቱ የኦክስጅን ሞለኪውሎች 4 አተም አላቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 ወደ −2 ወረደ፤ 4 ሲባዛ በ2፣ 8! ሒሳቡ ገጠመ። ቁጥሩ የወጣው ኦክሲዳይዝድ ሆነ፣ የወረደው ሪዲዩስድ ሆነ ይባላል።

ናይትሬቱን ሰብሉ ከወሰደው ጥሩ ነው፤ አሲዱም ይቀንሳል። ዝናብ አጥቦ ከወሰደው ግን አሲዱ እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል። ይህን ስል ዩሪያ አትጨምሩ ማለቴ አይደለም። በልክና በወቅቱ ይጨመር፣ ኮምጣጣው ማሳም ይታከም ማለቴ ነው።

4ኛ/ ኖራው እንዴት ያክማል?

ለእርሻ የሚውለው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ድንጋይ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ደጀንን አልፎ የዓባይ በረሃ ውስጥ ሞልቷል።

ካልሲየም ካርቦኔት + 2 ሃይድሮጂን አዮን → ካልሲየም አዮን + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አሲዱ ውሃ ሆነ! ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ሄደ፣ ካልሲየሙ ለአፈሩ ቀረለት። ቁጥራቸውን ብትሠሩት ካልሲየም +2 ነበር፣ +2 ነው። ካርቦንም +4 ነበር፣ +4 ነው። ኤሌክትሮን የሰጠም የተቀበለም የለም። ስለዚህ ሁሉም ኬሚካዊ ለውጥ የኦክሲዴሽን ቁጥር አይለውጥም።

አሉሚኒየሙስ? አሲዱ ሲቀንስ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ቁጥሩ ያው +3 ነው፤ ግን ስላልሟሟ ሥሩን አይነካም። ከማሳው አልወጣም፣ ታሰረ እንጂ።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የእንቁላል ቅርፊትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ፈጭታችሁ ሎሚ ጭመቁበት፤ አረፋ ይወጣል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ግን እንዳትነካኩ፤ እሱ ሌላ ዓይነት ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

5ኛ/ ታዲያ ምን እናድርግ?

ኖራ ቀላል ሥራ አይደለም። ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ቢታዘዝ ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 7 ኩንታል ተኩል ይሆናል። ተጭኖ መምጣት፣ መበተን፣ ከመዘራቱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። አባቴም «ብር ከፍዬ ድንጋይ ልበትን?» ብሎ ነበር። ኮምጣጣ መሬት የሚችሉት እንግዶና ግብጦ ናቸው፤ ድንችም ከገብስ ይሻላል። አንዳንዱ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ማሳውን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ባሕር ዛፍ ብር ያመጣል፤ ግን እንጀራ አይጋገርበትም።

እኔ ከላይ ያለውን ሁሉ ለአባቴ በደብተሬ ላይ እያሳየሁ ነገርኩት። ዘንድሮ ከሁለቱ ቃዳ በአንዱ ላይ ብቻ ኖራ ጨምረን ሌላውን እንዳለ እንተወዋለን። ገብሱ ሲታጨድ ሁለቱንም ለየብቻ እንሰፍራለን። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ በዚሁ መጽሔት እጽፍላችኋለሁ።

እናንተም ለቤተሰባችሁ ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ኖራ ከመግዛት በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አማክሮ አፈሩን ማስመርመር ይቀድማል። ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው በምርመራ ነውና።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትወርዱ የምታዩትን አፈር ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው። ከእነዚህ አንዱ 2 ብረትና 3 ኦክስጅን አለው፤ ቻርጁ 0 ነው። የብረቱ የኦክሲዴሽን ቁጥር ስንት ነው? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስገቡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!