ኤቲኤም፦ ድምፅ፣ ቪዲዮና ዳታ በአንድ መስመር

ኤቲኤም የስልክ ድምፅን፣ ቪዲዮንና የኮምፒውተር ዳታን በአንድ መስመር ለማስተላለፍ የተነደፈ የኔትወርክ ቴክኖሎጂ ነው፤ ከባንኩ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም። የሚላከው ምንም ይሁን ምን፣ ሴል በሚባሉ እኩል ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። አንድ ሴል 53 ባይት ነው፤ 5ቱ መንገድ መሪ ቁጥሮችን የያዘ ራስጌ፣ 48ቱ ጭነቱ ናቸው።

ከዚያ በፊት ስልክና ዳታ የየራሳቸው ኔትወርክ ነበራቸው። የስልኩ ኔትወርክ ጥሪው እስኪያበቃ፣ ተነጋጋሪዎቹ ዝም ቢሉም እንኳ፣ መስመሩን ይዞ ይቆያል። የዳታው ኔትወርክ ረጅምም አጭርም እሽግ ተቀብሎ በየተራው ይልካል። ፋይል ቢዘገይ ግድ የለም፤ ከውስጡ አንዲት ፊደል ግን መጥፋት የለባትም። ድምፅ በተቃራኒው ጥቂት ቢጎድልበት ጆሮ አያስተውለውም፣ መዘግየትን ግን አይችልም። በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ 1500 ባይት ያለው የዳታ እሽግ ተልኮ እስኪያልቅ 8 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ ከኋላው የደረሰ ድምፅ ያን ያህል ይጠብቃል። እሽጉ በሴል ከተቆራረጠ ግን ድምፁ የሚጠብቀው የአንድ ሴል ማለፊያ፣ ከ0.3 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ብቻ ነው። የትንሹና እኩሉ ሴል ጥቅም ይህ ነው።

48 የሚለው ቁጥር የመጣው ከክርክር ነው። የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 8000 ባይት ስለሚያወጣ፣ 32 ባይት ለመሙላት 4፣ 64 ባይት ለመሙላት 8 ሚሊሴኮንድ ያስፈልጋል። መሙያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ተናጋሪው የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይሰማል፤ ይህን ለመከላከልም ማሚቶ ማጥፊያ መሣሪያ መትከል ግድ ይሆናል። አገራቸው ያን ያህል ሰፊ ያልሆነው ፈረንሳውያን በ32 ባይት ከዚህ ወጪ መዳን ይችሉ ነበር። ከዳር እስከ ዳር እጅግ ሰፊ የሆነችው አሜሪካ ግን መሣሪያውን ቀድማ ስለተከለች፣ ለዳታ የሚያዋጣውን 64ን መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የቴሌኮም መማክርት ኮሚቴ መካከለኛውን 48ን ወሰነ። ቁጥሩ የስሌት ሳይሆን የሽምግልና ውጤት ነው፤ ሁለቱንም ወገን ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም።

መረጃ ከመላኩ በፊት ከላኪ እስከ ተቀባይ ምናባዊ መስመር ይዘረጋል። ላኪው የሚፈልገውን አስቀድሞ ያሳውቃል፦ ለስልክ ድምፅ የማይለዋወጥ ፍጥነት፣ ለተጨመቀ ቪዲዮ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ለፋይል የተረፈው ሁሉ። ኔትወርኩ አቅሙን አይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ የቴክኖሎጂው ትልቁ ብርታትም ይህ አስቀድሞ የሚገባው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ስዊች የተባሉት፣ በመንገዱ ላይ ያሉ ማሳለፊያ መሣሪያዎች በራስጌው ላይ ያሉትን ቪፒአይና ቪሲአይ የተባሉ ቁጥሮች ከሰንጠረዣቸው ጋር አስተያይተው፣ በቀጣዩ መስመር ቁጥር ተክተው ሴሉን ያሳልፉታል። ሴሎቹ ሁሉ እኩል በመሆናቸው ሥራው በሃርድዌር ብቻ በፍጥነት ይከናወናል። መንገዱ ሲጨናነቅ፣ በራስጌው ላይ ያለች አንዲት ቢት የትኛው ሴል ቀድሞ ሊጣል እንደሚችል ታመለክታለች። ዳታ ሲቆራረጥ ደግሞ በመጨረሻው ሴል ላይ ርዝመቱንና ስህተት መፈተሻውን የያዘ 8 ባይት ይጨመራል፤ ከመካከል አንድ ሴል ከጠፋ ሙሉው እሽግ ይወድቃል።

ኤቲኤም በፋይበር ላይ በሴኮንድ በ155 እና በ622 ሜጋቢት ፍጥነት በትልልቅ የቴሌኮም ኔትወርኮች ሠርቷል። እስከ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይደርሳል የተባለው ተስፋ ግን አልተሳካም። ራስጌው ብቻውን ከመስመሩ አቅም አንድ አሥረኛ ገደማውን ይወስዳል። በዚያ ላይ ርካሹ ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ሲደርስ፣ ያ የ1500 ባይት እሽግ የሚፈጀው ጊዜ ወደ 12 ማይክሮሴኮንድ ወረደ፤ እሽግን የመቆራረጥ ዋናው ምክንያትም አብሮ ቀረ። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ የ3ጂ ኔትወርኮች ከአንቴና ጣቢያ ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከል ድምፅን በሴል ያመላልሱ ነበር። ቁጥርን በቁጥር እየተኩ የማሳለፉ ዘዴም ዛሬ ኤምፒኤልኤስ በተባለው የኔትወርክ ቴክኖሎጂ ውስጥ ይሠራል። የኤዲኤስኤል ሞደም ሲዋቀር የሚሞሉት ቪፒአይና ቪሲአይ የኤቲኤም ቁጥሮች ናቸው።