ጅብራ ከሃይላንድ፣ ገደል ከፎም

ጅብራውን የሠራሁት ከሃይላንድ ነው። ባዶውን ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጬ ፕላስቲኩን እንደ ቀጭን ቅጠል ሸነሸንኩት። ሻማ ላይ ጠጋ ሲያደርጉት እያንዳንዱ ቅጠል ራሱ ይጠቀለላል። መሃሉ ላይ ነዶ ያለቀ የሰንደል እንጨት ተከልኩ። እንጨቱን ኮላ ቀብቼ ጤፍ ላይ ሳንከባልለው ከሰሜን ተራራ ተነቅሎ የመጣ አበባ መሰለ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ለሻማውም ለፕላስቲኩ ሽታም ዝም አለች። ጤፉ ላይ ስደርስ ግን «ኧረ በእህል አይቀለድም!» ብላ ሰሃኑን ከፊቴ አነሳችው።

ልክ ነች። ያቺ የመጀመሪያዋ ጅብራ ብቻ ጤፍ ለብሳ ቀረች፤ እሷንም ከሳምንት በኋላ ጉንዳን አገኛት። አሁን የምጠቀመው በወንፊት የነፋሁትን የገረጋንቲ ድቃቂ ነው። የጤፍን ያህል አያምርም።

ይህን ሁሉ የምሠራው ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ ነው፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። እንደ ቼዝ ካሬ የለውም፤ ወታደሩ የሚሄድበት ርቀት በሜትር ይለካል፣ መምታት አለመምታቱን ዳይስ ይወስናል። ሜዳው ባዶ ከሆነ ጨዋታ የለም፤ ቀድሞ የተኮሰ ያሸንፋል። ስለዚህ ኮረብታ፣ ገደል፣ ዛፍ፣ ፍርስራሽ ያስፈልጋል፤ እይታ የሚከልልና ወታደር የሚደብቅ ነገር። እኔን የያዘኝ አባዜ ወታደሩ ሳይሆን ይሄ መሬቱ ነው።

መሬቱን መሥራት ከጨዋታው እኩል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ ሰው ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ ሠርቶ አበረከተ። መሬቱ ወንዝና ጫካ ተስሎባቸው እንደፈለጉ ከሚገጣጠሙ የፖርሴሊን ንጣፎች የተሠራ ነበር። ሸክላ ነው እንግዲህ! እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጦርነት መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ የጻፈው ያው ደራሲ ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ የጠረጴዛው ጦርነትና የሌላው ፕላኔት ፍጡር፣ በደንብ የተጋቡት ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ዋርሃመር 40,000 ነው። ወንድሜ ከዲሲ የላከልኝ ሃያ ወታደሮችም ከዚያ ወገን ናቸው፤ የምሠራላቸውም መሬት የሌላ ፕላኔት ነው።

እኛም ለነገሩ ባዳ አይደለንም። በጥንቱ የሐበሻ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ያ ክፍል ወረራ ይባላል። ስሙ ራሱ ይበቃል።

«ታዲያ ለምን የሌላ ፕላኔት መሬት? ለምን ጉና ወይም ደንቢያ ሜዳን አትሠራም?» ያለኝ ሰው አለ። ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ቀን ገብተው ወታደሮቹን አየት አደረጉና «የእውነቱ አልበቃ ብሎ ነው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጎንደር ተቀምጬ፣ ያየነውን አይተን፣ ሣር ክዳን ቤት ሠርቼ በዳይስ ላፈርስ አልችልም። እጄ እሺ አይልም። ስለዚህ ማንም ያልተወለደበት መሬት ፈለግሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ገደል ግን ቀለጠ። አዎ፣ ቀለጠ። ከቲቪ ካርቶን የወጣውን ነጭ ፎም ቆርጬ፣ አነባብሬ፣ ሁለት ሌሊት ፈጅቼ ካሳመርኩት በኋላ በጥቁር ስፕሬይ ቀለም ነፋሁት። ዓይኔ እያየ እየተንሿሿ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ በአምስት ደቂቃ ገደሉ የተበላ አይብ መሰለ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፎሙን እንደሚያሟሟው አላውቅም ነበር። ቲነርም ያው ነው። አሁን ሌላ ቀለም ከመንካቴ በፊት ነጩን የአናጢ ኮላ ከጥቁር የግድግዳ ውሃ ቀለም ጋር ቀላቅዬ ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ። ይህ ፎሙን ያሽገዋል፣ ያጠነክረዋል፣ የመሠረት ቀለምም ይሆናል። በክረምት ግን አትቸኩሉ። ሐምሌ ላይ የቀባሁት ሦስት ቀን ሙሉ እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር።

ፎሙን በከተር መቁረጥ ይቻላል፤ ግን እንደ በረዶ እየተፈረፈረ ቤቱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ከእናት ጋር ጸብ ነው። የተሻለው የጋለ ሽቦ ነው። ካረጀ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሬዚስታንስ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጬ አቃናሁት፣ በሁለት እንጨት መካከል ወጠርኩት፣ ከሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘሁት። ፎሙ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ግድግዳው ሶኬት ላይ ለመሰካት የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙ። ጭሱም መርዝ ነው፤ እኔ የምቆርጠው በረንዳ ላይ ነው።

ቅርጹ ግን ለረጅም ጊዜ አልመጣልኝም። ከአእምሮዬ የማወጣው ዓለት ሁሉ ክብ ክብ ነበር፤ ድንች። ባለፈው ጥር ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደባርቅ፣ ከዚያም የሰሜን ተራሮች ፓርክ ገባሁ። በፊትም ሄጃለሁ፤ ያኔ ግን እንደ ሰው ነበር ያየሁት፣ አሁን እንደ ፎም ቆራጭ። የሰሜን ገደል ድንች አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው። ደረጃ አለው፤ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ከዚያ ጠባብ ሣር ያለበት እርከን፣ እንደገና ግድግዳ፣ እንደገና እርከን። ጭላዳዎቹ ማታ ገደል ወርደው የሚያድሩት እነዚያ ላይ ነው። እርከን ያለው ገደል ማለት ደግሞ ወታደር የሚቆምበት ገደል ማለት ነው! ስንት ወር የታገልኩበትን ችግር ተራራው ፈትቶ አስቀምጦታል። አሁን እያንዳንዱን የፎም ድርብ ከሥሩ ካለው ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ የወታደሩ መቆሚያ ክብ በትክክል ያርፍበታል።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 28 ሚሊሜትሩ ሰው ከእውነተኛው ሰው ወደ 60 እጥፍ ያንሳል። ስድስት ሜትር የሆነ ያበበ ጅብራ ጠረጴዛው ላይ 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥሩ። የጂንባር ፏፏቴ ግን ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ለ60 ብታካፍሉት ከስምንት ሜትር በላይ ይመጣል። የእኔ ጣሪያ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ተራራ መሥራት አይቻልም፤ የሚቻለው የተራራን ጫፍ መሥራት ነው። ሰሌዳዬ የአንድ ቺፕውድ ግማሽ ነው፣ 122 በ122 ሴንቲሜትር። የመጨረሻው እርከን የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ድንገት ይቆረጣል። ተጫዋቹ ወታደሩን እዚያ ሲያቆም ጎንበስ ብሎ ወደ ወለሉ ያያል። ይኼኔ ነው ገደል የሚሆነው።

ከዚያ ጉዞ ያመጣሁት ሌላው ነገር ጅብራው ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ሞቶም አይወድቅም፤ ግራጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ሜዳው ላይ ተገትሮ ይቀራል። እናቴ በር ላይ ስቆም «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» የምትለኝ ስንቱን ዓመት ነው! ነገሩ የገባኝ ፓርኩ ውስጥ ጭንቅ የሚባለው ቦታ ደርሼ ከሞቱት መሃል ስቆም ነው። ከዚያ በፊት የሠራኋቸው ሃያ ጅብራዎች ሁሉም ያበቡ፣ ሁሉም እኩያ ነበሩ፤ ለዚህ ነበር የአሻንጉሊት ሱቅ የሚመስሉት። አሁን ከአስር ሦስቱን መሬት ላይ የተለጠፈ ቅጠል ብቻ አደርጋቸዋለሁ፣ ሦስቱን ግንድ ያወጡ፣ ሁለቱን ያበቡ፣ ሁለቱን የሞቱ። የሞቱትን ካልጨመራችሁ ጫካው አይኖርም።

ስመለስ ወለቃ ወረድኩ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የቤተ እስራኤል መንደር የማታውቋት ካላችሁ፣ ትንንሽ ጥቋቁር የሸክላ ምስሎቿን ግን አይታችኋል፤ አንበሳው፣ የዳዊት ኮከቡ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ፤ ሸክላው ግን መንገድ ዳር አሁንም ይሸጣል። ሀገሬው ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያለ ሲያገልላቸው የኖረበት የእጅ ሥራ ዛሬ ቱሪስት ያቆማል። በመዳፍ የሚገባ ምስል በእጅ ብቻ መሥራትን በተመለከተ በዚህ ሀገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ የሄድኩት ሰሌዳዬ ላይ የምጠቀምበት ጭቃ ሲደርቅ ለምን እንደሚሰነጠቅ ልጠይቅ ነበር።

አንዲት እናት ጅብራዬን ከሻንጣ ሳወጣ ተቀብለው አገላበጡት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የሌላ ዓለም ዛፍ ነው፣ እማማ።»

«የምን ሌላ ዓለም! ጅብራ አይደል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ስለ ጭቃው ስነግራቸው የተሰበረ ገል አነሱና «ይሄን ወቅጠህ፣ ነፍተህ ጨምርበት። እንዲሁ ጭቃውን ብቻ ካደረግኸው ይሰነጠቅብሃል» አሉኝ። ጨመርኩ፤ መሰንጠቁ ቀረ። የተረፈውን የገል ዱቄት ኮላ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ስነሰንሰው ደግሞ ማንኛውም ቀለም ያልሰጠኝ ቀይ አፈር ሆነ። ከዚያ በፊት የቡና አተላ ነበር የምጠቀመው፤ በደንብ ሳላደርቀው ለጥፌው ሻጋታ አበቀለ። ሻጋታው እውነቱን ለመናገር ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ የሌላ ፕላኔት ይመስል ነበር።

ቀለሙን ባጭሩ ልጨርስ። በመጀመሪያው ሰሌዳ ሁሉንም ነገር እንግዳ ላደርግ ብዬ ዓለቱን ሐምራዊ፣ አፈሩን አረንጓዴ፣ ዛፉን ብርቱካን ቀባሁት። የሠርግ አዳራሽ ዲኮር ሆነ። ዓይን የሚያውቀው አንድ ነገር ካላገኘ፣ የማያውቀውን መለየት አይችልም። አሁን ዓለቱ እንደ ሰሜን ዓለት ጥቁር ግራጫ ነው፤ አፈሩ የገል ቀይ ነው፤ ዛፉ ብቻ ቀለሙን ይቀይራል፣ ሰማያዊ ግንድና ቢጫ ጫፍ። ዓለቱ የሚወጣው በደረቅ ብሩሽ ነው። ብሩሹን ፈዛዛ ግራጫ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙ የጨረሰ እስኪመስል ጨርቅ ላይ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ሸር አድርጉት። ውድ ብሩሽ አያስፈልግም፤ እኔ የእህቴን ያረጀ የሜካፕ ብሩሽ ነው የምጠቀመው። (ያረጀ መሆኑን እሷ አታምንም።)

በፋሲካ ሰሌዳው አለቀ። የአክስቴ ልጅ ከደባርቅ ለበዓል መጥቶ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሳሎን ገባ፣ ጠረጴዛውን ዞረው፣ ሰማያዊዎቹን ዛፎች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ስለ ፕላኔቱ ልተርክለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ይሄ ሊማሊሞ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ማንም የማይኖርበት ሌላ ዓለም ነው።»

«እንዴ፣ ጭላዳዎቹስ የታሉ?»

ማንም ያልተወለደበት መሬት ፈልጌ ልጁ የተወለደበትን ሠርቼ አረፍኩት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ በዚያው ማታ ስንጫወት ወታደሮቼን በሙሉ ከላይኛው እርከን ላይ ሆኖ ጨረሰብኝ። የት እንደሚቆም ያውቃል።

አሁን ጭላዳ እየሠራሁ ነው፣ ደረታቸው ላይ ካለው ቀይ ምልክት ጋር፣ ከገል ከተቀላቀለ ጭቃ፣ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ቁመት። አስራ ሁለት ደርሰዋል፤ ልጁ ያዘዘኝ ሃምሳ ነው። ለሚያድሩበትም ሁለተኛ ገደል ጀምሬያለሁ፣ ግን ፎም አለቀብኝ። ጎንደር ያላችሁ፣ ቲቪም ሆነ ፍሪጅ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም አትጣሉት፣ አታቃጥሉት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማራኪም ይሁን አዘዞ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።