ሕግን በሕግ የረታ

በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በላንካስተር ከተማ፣ ሽራይነር በሚባል ትንሽ መካነ መቃብር ውስጥ አንድ ሐውልት ቆሟል። ጽሑፉ ሹመት አይቆጥርም፤ ዝና አያወራም። ሟቹ እዚህ ማረፍን የመረጠው ብቸኝነትን ወድዶ እንዳልሆነ፣ የሌሎቹ መቃብሮች ደንብ ሰውን በዘር ስለሚለይ እንደሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለትን የሰው ልጆች እኩልነት በሞቱም ሊያሳይ እንደፈለገ ይናገራል። ቃሉን ያዘጋጀው ሟቹ ራሱ፣ ታዲየስ ስቲቨንስ ነው።

የተወለደው በ1792 እ.ኤ.አ. በቨርሞንት ግዛት፣ ዳንቪል በምትባል መንደር ነው። አንድ እግሩ ከልደቱ ቆልማማ ስለነበር እስከ ዕለተ ሞቱ እያነከሰ ሄዷል። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲጠፋ አራት ወንዶች ልጆችን የማሳደግ ሸክም በእናቱ በሳራ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሳራም ልጆቿ እንዲማሩላት ብላ ጓዟን ጠቅልላ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ ፒቻም ተዛወረች። ስቲቨንስ በ1814 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በጌቲስበርግ ከተማ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ።

በ1821 ቻሪቲ በትለር የምትባል ጥቁር ሴት የነጻነት ጥያቄ ለፍርድ ቀረበ። በፔንሲልቬኒያ ሕግ ጌታው ወደ ግዛቱ አምጥቶ ስድስት ወር ያቆየው ባሪያ ነጻ ይወጣ ነበር። ስቲቨንስ የቆመው ለጌታዋ ነበር። ሴትዮዋ እየመጣች እየሄደች የቆየችባቸው ቀናት ተደምረው አይቆጠሩም፣ ስድስቱ ወር ሳይቋረጥ መሞላት አለበት ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ቻሪቲ ከነልጆቿ ወደ ባርነት ተመለሰች። ወጣቱ ጠበቃ በቀን ቆጠራ ረታ። ከዚያ ወዲህ የኖረባቸውን 47 ዓመታት ስመለከት የዚያን ቀን ዕዳ ሲከፍል የኖረ ሰው አያለሁ።

በ1835 የግዛቱ ምክር ቤት ገና አንድ ዓመት የሞላውን የነጻ ትምህርት ሕግ ሊሽር ተነሳ። ባለሀብቱ ለድሃ ልጅ ትምህርት ግብር አልከፍልም ይል ነበር። የሳራ ልጅ ተነስቶ ተናገረ፤ ለመሻር የመጡትን አሳምኖ ሕጉን አተረፈው። በ1838 ደግሞ አዲሱ የግዛቱ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ለነጮች ብቻ ሲሰጥ፣ በማርቀቁ የተሳተፈው ስቲቨንስ አልፈርምም አለ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፈነዳበት በ1861፣ በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበረው ስቲቨንስ የመንግሥትን ገቢና ወጪ የሚመራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ገንዘቡን የያዘ መንገዱን ይይዛልና ምክር ቤቱን በተግባር የሚመራው እሱ ሆነ። ለጦርነቱ የሚሆነውን ግብርና ብድር አስወሰነ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከንን ባሮችን ነጻ አውጣ እያለ ወተወተ። በጥር 1865 ባርነትን የሚሽረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በምክር ቤቱ 119 ለ56 አለፈ።

ለስቲቨንስ ግን ሰንሰለት መፍታት ጅምር ነበር። የታላላቆቹ የደቡብ አማጺ ባለርስቶች መሬት ተወርሶ ለእያንዳንዱ ነጻ የወጣ አባወራ 40 ኤከር ይሰጠው አለ፤ መሬት የሌለው ሰው ነገ ለትናንት ጌታው ጭሰኛ ሆኖ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ሰሚ አጣ፤ የፈራውም ደረሰ። በ1866 ለ14ኛው ማሻሻያ ድምፅ ሲጠይቅም ሰነዱ ከተመኘው በታች እንደሆነ አልሸሸገም፤ የሚኖረው በሰዎች እንጂ በመላእክት መካከል ስላልሆነ እንደሚቀበለው ተናገረ። ማሻሻያው በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ለሕጓ ተገዢ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው፣ ማንም የሕግን እኩል ጥበቃ አይነፈግም ይላል። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ ከስደተኛ ኢትዮጵያውያን የሚወለድ ልጅ የዜግነቱ መሠረት ይኸው አንቀጽ ነው።

በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን በሴኔት ፊት ሲከሰስ ከከሳሾቹ አንዱ ስቲቨንስ ነበር። መራመድ አቅቶት በወንበር ተሸክመው ያስገቡት ነበር። ክሱ በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀ። ነሐሴ 11 ቀን በ76 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቤቱን ያስተዳደረችው ሊዲያ ሃሚልተን ስሚዝ አጠገቡ ነበረች። አስከሬኑ በካፒቶል አዳራሽ ሲያርፍ ጥቁር ወታደሮች ቆመው ጠበቁት። የላንካስተር ፓርቲው አባላትም መሞቱን እያወቁ ለምክር ቤቱ በዕጩነት መረጡት።

ኑዛዜው ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ዘር ሳይለይ የሚቀበል መጠለያና ትምህርት ቤት እንዲቆም አዘዘ። ዛሬ በላንካስተር ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት የታዲየስ ስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ የዚያ ቃል ፍሬ ነው። እዚያው ኑዛዜ ውስጥ አንድ ሌላ ትእዛዝ አለ፦ በፒቻም የእናቱ መቃብር በደንብ እንዲጠበቅ፣ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባም በአራቱም ማዕዘን ጽጌረዳ እንዲተከልበት።