በቁጥር የቀሩት አቆስጣዎች እና በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎቻቸው

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች አንድ አቆስጣ ከባሕር ወጥቶ በአሸዋ ላይ ሲጋደም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርስለት ተመራማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፤ በአቅራቢያው የሚኖር በጎ ፈቃደኛ ነው። ገመድ ይወጥራል፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ያቆማል፤ ርቀቱን ጠብቆም ያየውን ይመዘግባል። ቀላል የሚመስለው ይህ ተግባር ሊጠፋ የተቃረበን አንድ የእንስሳ ዝርያ ለማትረፍ የሚደረገው ጥረት መሠረት ሆኗል።

አቆስጣ ኑሮው በባሕር ቢሆንም ዓሣ አይደለም። እንደ ላምና እንደ ፍየል ወልዶ የሚያጠባ፣ በሳንባው የሚተነፍስ፣ እግሮቹ ለዋና እንደ መቅዘፊያ የተዘረጉ እንስሳ ነው። ምግቡን ከባሕር ወለል ያገኛል፤ ለዕረፍትና ለወሊድ ግን ወደ የብስ ይወጣል። በሃዋይ ብቻ የሚገኘው ዝርያ “መነኩሴ አቆስጣ” ይባላል። ስሙን ያገኘው በአንገቱ ዙሪያ የታጠፈው ቆዳ የመነኩሴ ቆብ ስለሚመስልና አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ስለሚታይ ነው። የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ ደግሞ በራሱ ቋንቋ “በሚናወጥ ውኃ ውስጥ የሚሮጥ ውሻ” ይለዋል።

ለአካለ መጠን የደረሰ መነኩሴ አቆስጣ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ180 እስከ 270 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ግን 1 ሺህ 600 ያህል ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 1 ሺህ 200 የሚሆኑት በሰሜን ምዕራብ በሚገኙ፣ ቋሚ ነዋሪ በሌላቸው ሩቅ ደሴቶች ይኖራሉ። 400 የሚሆኑት ደግሞ ሕዝብ በሚኖርባቸው ዋና ዋና ደሴቶች ዳርቻ ከዓሣ አጥማጆች፣ ከዋናተኞችና ከጎብኚዎች ጋር አሸዋውን ይጋራሉ። የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራም በዋናነት የሚያተኩረው በእነዚህኞቹ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የሚመነጨው ከደግነት ነው። አቆስጣ ሌሊቱን ምግብ ሲፈልግ አድሮ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ሊተኛ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜም አሮጌ ጸጉሩንና የላይኛውን ቆዳውን ሲጥል ለቀናት በአሸዋ ላይ ይቆያል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ታሟል ብሎ ውኃ ያፈስበታል፤ ወደ ባሕር ሊገፋውም ይሞክራል። በጎ ፈቃደኛው እንስሳው እያረፈ መሆኑን ለተመልካቹ ያስረዳል፤ ቢያንስ 15 ሜትር፣ ግልገል ካላት እናት ደግሞ 45 ሜትር መራቅ እንደሚገባም ይነግራል።

ሁለተኛው ሥራ ምዝገባ ነው። ለከብት ጆሮ መለያ እንደሚደረገው ሁሉ ባለሙያዎች በአቆስጣው የኋላ እግሮች ላይ ትናንሽ የፕላስቲክ መለያዎችን ይሰካሉ፤ አንዳንዶቹንም ጸጉር በሚያነጣ ኬሚካል ቁጥር ይጽፉባቸዋል። በጎ ፈቃደኛው መለያውን፣ ቁጥሩን ወይም የቆየ ጠባሳን ተመልክቶ የትኛው አቆስጣ፣ መቼና የት እንደታየ ይጽፋል። መክሳቱን፣ መቁሰሉን ወይም መንጠቆ መዋጡንም ያሳውቃል። መረጃው ለአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ባለሙያዎች ይደርሳል፤ እነርሱም መንጠቆ የያዘውን ይነቅሉለታል፤ ብርቱ ሕመም ያለበትን እ.ኤ.አ. በ2014 በሃዋይ ደሴት ወደ ተከፈተው የአቆስጣዎች ሆስፒታል ይልካሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም ሞርቢሊ የተባለውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ይህ ቫይረስ ቀድሞ የቀንድ ከብትን ይፈጅ ከነበረው ከደስታ በሽታ ጋር አንድ ወገን ነው። ክትባቱን የወሰደውንና ያልወሰደውን ለመለየት እያንዳንዱን አቆስጣ ማወቅ የግድ ይላል።

የጥበቃው ክብደት ይበልጥ የሚታየው በወሊድ ጊዜ ነው። እናት ግልገሏን ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ስታጠባ ምግብ አትቀምስም፤ በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ትኖራለች። በዚህ ወቅት የቀረባትን ሁሉ እንደ ጠላት ታያለች። እ.ኤ.አ. በ2017 “ሮኪ” የተባለች አቆስጣ በጎብኚዎች በሚጨናነቀው በዋይኪኪ ዳርቻ ስትወልድ፣ ሰዎችን ከእናትና ከግልገል ለማራቅ ሌት ተቀን ጥበቃ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህችው አቆስጣ በዚያው ዳርቻ በድጋሚ በወለደች ጊዜ ግን በአቅራቢያዋ ስትዋኝ የነበረችን ሴት አቁስላለች። ስለዚህ ገመዱ የሚጠብቀው እንስሳውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ጭምር ነው።

ከዓሣ አጥማጆች ጋር ያለው ግንኙነትም ሁልጊዜ ሰላማዊ አይደለም። አንዳንዶች አቆስጣውን ሲሳያቸውን እንደሚሻማ ባላንጣ ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በካዋይ ደሴት አንዲት እርጉዝ አቆስጣ በጥይት ተገድላለች። በቀጣዩ ዓመት የሃዋይ ግዛት አቆስጣን ሆን ብሎ መግደል እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 50 ሺህ ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ከባድ ወንጀል እንዲሆን ደነገገ። ይሁንና ሕጉ በየዳርቻው ሊቆም አይችልም። ዓሣ አጥማጁን በስሙ የሚያውቅ የሰፈር ሰው መንጠቆ የዋጠ አቆስጣ ሲያይ እንዲደውል ቢመክረው ይሰማዋል።

በጎ ፈቃደኞቹ በገመድ ሊያግዱት ያልቻሉት አደጋ የሚመጣው ከየብስ ነው። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሙሉ ዑደቱን ጨርሶ የሚራባው በድመት ዝርያዎች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከድመት ኩስ ጋር የወጣውን የተሕዋሱን ዘር ዝናብ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ባሕር ይወስደዋል። በግና ፍየልን የሚያስወርደው ይኸው ተሕዋስ አቆስጣን ይገድላል፤ በተለይም ሴቶቹን ይጎዳል። ለአቆስጣ የሚሆን ክትባት የለውም፤ ሕክምናውም እምብዛም አይሳካም። ስለሆነም ነዋሪዎች ድመቶቻቸውን ከቤት እንዳያስወጡና ኩሳቸውን በአግባቡ እንዲያስወግዱ ይመከራሉ። ምክሩ ግን ባለቤት አልባ ድመቶችን ከሚመግቡ ሰዎች ጋር ክርክር አስነስቷል።

ለአሥርተ ዓመታት ሲቀንስ የኖረው የአቆስጣዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በዝግታ ማንሰራራት ጀምሯል። ሆኖም 400 ያህል ብቻ በሚገኙባቸው ዋና ዋና ደሴቶች የአንዲት እናት ሞት በቀጣዮቹ ዓመታት ትወልዳቸው የነበሩትን ግልገሎች ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በመዝገቡ ውስጥ የእርሷ ቁጥር ለሳምንታት ሳይጻፍ ሲቀር፣ የት እንደገባች የሚፈልግ ሰው መኖሩም ከዚሁ የተነሣ ነው።