የድሃ ገንዘብ አማና ነው፤ ማን ይቆጣጠረዋል?



በየረመዷኑ በጀመዓችን ሰደቃ ሲሰበሰብ፣ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ወገኖቻችን ምግብና ልብስ ሲከፋፈል እናያለን፤ ብዙዎቻችንም እንሳተፋለን። ገንዘቡ ጥቂት ሺህ ብር ሲሆን ሒሳቡን መከታተል አያስቸግርም። ሰብሳቢውም አከፋፋዩም የምናውቀው ወንድም ወይም የምናውቃት እህት ናት። ገንዘቡ በመቶ ሚሊዮኖች ሲቆጠር፣ ከሰጪውና ከተቀባዩ መካከልም በርካታ መሥሪያ ቤትና ድርጅት ሲገባ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ገንዘቡ ለታለመለት ሰው መድረሱን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ብዙ ካነጋገሩት ቦታዎች አንዱ የአሜሪካው ሎስ አንጀለስ ነው። ጉዳዩን የመረጥነው በሰው ለመፍረድ አይደለም። ብዙ ገንዘብ ባለበት ቦታም ቁጥጥር ከላላ ችግሩ ምን እንደሚመስል በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ለምን በጋራ መሥራት አስፈለገ?

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ በውስጡ 88 ከተሞችን የያዘ ሰፊ አስተዳደር ነው። ትልቁ ከተማ ሎስ አንጀለስ ራሱ ነው። ጤና፣ የአእምሮ ሕክምናና የድሆች ድጎማ በአብዛኛው የካውንቲው ሥራ ሲሆን፣ መሬት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ መንገድና ፖሊስ ደግሞ በከተማው እጅ ናቸው። መንገድ ዳር የሚያድር ሰው ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ሐኪም አግኝቶ ቤት ካላገኘ፣ ወይም ቤት አግኝቶ ሕክምና ካጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎዳና ሊመለስ ይችላል። ሰውየው የአስተዳደር ወሰንም አያግደውም፤ ዛሬ እዚህ ከተማ፣ ነገ እዚያ ያድራል።

ሁለቱ አስተዳደሮች ኃላፊነቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በጋራ አንድ ተቋም መሠረቱ። ስሙ የሎስ አንጀለስ የቤት አልባዎች አገልግሎት ባለሥልጣን ሲሆን በአጭሩ «ላሳ» ይባላል። የሚመራው 10 አባላት ባሉት ኮሚሽን ነው፤ አምስቱን ካውንቲው፣ አምስቱን የከተማው ከንቲባ ይሾማሉ። ላሳ ከፌዴራል፣ ከክልል፣ ከካውንቲና ከከተማ ገንዘብ ሲቀበል ቆይቷል። አብዛኛውን ሥራ ግን ራሱ አይሠራም። መጠለያ ለሚያስተዳድሩና ሰዎችን ከጎዳና ለሚያነሱ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በውል ይሰጣል። በየዓመቱ በጥር ወርም በፈቃደኞች አማካይነት ጎዳና ላይ ያሉትን ሰዎች ያስቆጥራል።

ገንዘቡ ሲበዛ

በ2017 የካውንቲው መራጮች ለዚህ ሥራ የሚውል የሽያጭ ግብር አጸደቁ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግዢ 25 ሳንቲም ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ይህንኑ በእጥፍ አሳድገው ወደ 50 ሳንቲም አደረሱት። ሕዝቡ ከኪሱ ለመክፈል በድምፁ ተስማማ ማለት ነው። ይሁንና በ2023 በተካሄደው ቆጠራ በካውንቲው 75,518 ቤት አልባ ሰዎች ተገኙ። ግብር ከፋዩ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱን የፈለጉት ኦዲተሮች ናቸው። በሚያዝያ 2024 የካሊፎርኒያ ክልል ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት፣ ክልሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ለቤት አልባዎች ወደ 24 ቢሊዮን ዶላር መድቦ፣ የወጣው ወጪ ምን ውጤት እንዳመጣ ግን በተከታታይ እንዳልተከታተለ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር የካውንቲው ኦዲተር ላሳን መረመረ። ላሳ በ2017–18 የበጀት ዓመት ለድርጅቶች 50.8 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ፣ እስከ 2024 ክረምት የተመለሰለት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበር አገኘ። በመጋቢት 2025 ደግሞ በፌዴራሉ ዳኛ በዴቪድ ካርተር ችሎት በተያዘ ክስ ምክንያት የተሠራ ሌላ ኦዲት ወጣ። በከተማው በኩል የወጣውን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመከታተል ሞክሮ፣ መረጃው የተበታተነ፣ ውሎቹም ግልጽነት የጎደላቸው በመሆናቸው ወጪውን ከውጤቱ ጋር በሙሉ ማገናኘት እንዳልቻለ ገለጸ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። «አልተረጋገጠም» ማለት «ተሰርቋል» ማለት አይደለም። ገንዘቡ ለመጠለያና ለምግብ በትክክል ውሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መዝገብ ከሌለ የሠራውንና ያልሠራውን መለየት አይቻልም። በዚህም ታማኙ ከአጥፊው ጋር አብሮ ይጠረጠራል።

ቁጥጥሩ ለምን ላላ?

አንደኛው ምክንያት ኃላፊነቱ መከፋፈሉ ነው። ከተማው ወደ ላሳ፣ ላሳ ወደ ድርጅቶቹ፣ ካውንቲው ወደ ከተማው ያመለክታል። ሁሉም ድርሻ ስላለው፣ ሁሉም ሌላውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ተጠያቂው ግን አይታወቅም። ሁለተኛው የውሉ አጻጻፍ ነው። ውሉ «አገልግሎት ይሰጣል» ብሎ ካበቃ፣ ስንት አልጋ፣ ለስንት ሰው፣ ለስንት ሌሊት የሚለው ሳይነገር ይቀራል። መለኪያ ያልተቀመጠለትን ሥራ ደግሞ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም።

በሌላ በኩል ቁጥጥር ሲባል ወረቀት ማብዛት ብቻ እንዳይመስለን። የሎስ አንጀለስ ድርጅቶች ክፍያ እየዘገየባቸው መቸገራቸውም የታወቀ ቅሬታ ነው። አነስተኛ ድርጅት ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው ሠራተኛው ይለቃል፤ ከሠራተኛው ጋር ጉዳዩን ይከታተልለት የነበረው ጎዳና ላይ ያለ ሰውም ሰው ያጣል። ጥሩ ቁጥጥር ገንዘቡን በጊዜው ለቆ፣ ውጤቱን በጊዜው የሚጠይቅ ነው።

ምን ተደረገ?

በሚያዝያ 2025 የካውንቲው ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ገንዘቡን ከላሳ አውጥቶ፣ በራሱ በሚያቋቁመው መምሪያ ሥር ለማድረግ ወሰነ። ሐሳቡ ተጠያቂውን አንድ ማድረግ ነው። የከተማዋ ከንቲባ ካረን ባስ ውሳኔውን ተቃወሙ፤ በሁለቱ ቆጠራዎች የታየው መሻሻል ይስተጓጎላል የሚል ስጋት ነበራቸው። በእርግጥም ቁጥሩ በ2024 ወደ 75,312፣ በ2025 ወደ 72,308 ወርዷል። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለው። መለያየት ተጠያቂን ያሳያል፤ ነገር ግን ከ1993 በፊት የነበረውን መገፋፋት ሊመልሰው ይችላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲያትልም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ከተማውና ኪንግ ካውንቲ በ2019 መጨረሻ በስምምነት አንድ የጋራ ባለሥልጣን አቋቋሙ። በ2024 ግን የነበሩትን ሁለት ቦርዶች በአንድ ተክተው፣ የተመረጡ ባለሥልጣናት በቀጥታ እንዲቆጣጠሩት አደረጉ።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአገራችንም የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2016 እ.ኤ.አ. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ወገኖችን መደገፍ አንዱ ክፍሉ ነበር። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር የመደቡለት ነበር። ገንዘቡ ከፌዴራል ተነስቶ በከተማ አስተዳደር በኩል እስከ ወረዳ ይወርዳል፤ በየደረጃውም ሊጠየቅ የሚገባው አካል አለ።

ነገ ብዙዎቻችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሶሻል ወርክ ባለሙያ፣ ኦዲተር ወይም የወረዳ ኃላፊ እንሆናለን ኢንሻአላህ። ስለዚህ የትኛውንም የእርዳታ ሥራ፣ የጀመዓችንን የሰደቃ ኮሚቴ ጨምሮ፣ እነዚህን አራት ነገሮች ብንጠይቅ መልካም ነው።

1. ገንዘቡ ከማን መጣ፣ ለማን ተሰጠ? በጽሑፍ አለ ወይ?
2. ምን እንደሚሠራበት በቁጥር ተነግሯል ወይ?
3. የሚቆጣጠረው ሰው ከሚያወጣው ሰው የተለየ ነው ወይ?
4. ሥራው ቢበላሽ በስሙ የሚጠየቅ አንድ አካል አለ ወይ?

እነዚህን መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም አማናውን የተሸከመውን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል። ጥያቄው ሳይነሳ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ያልነበረው፣ ሒሳቡንም የማያየው፣ ዛሬ ማታ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ሰው ነው።

አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።