የሌባ ተቀባይ በሕግ ፊት

በአዲስ አበባ ከተማ መኪናውን በደጁ አቁሞ ያደረ ሰው ጧት ሲነሣ ስፖኪዮው ተነቅሎ ቢያገኘው፥ ብዙ ጊዜ እግሩ የሚወስደው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ገበያ ነው። በዚያም ያንኑ የራሱን መስታወት ወይም የጎረቤቱን በዋጋ ተከራክሮ ይገዛና ያስገጥመዋል። ሻጩ ከወዴት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም፤ ገዢውም መጠየቁን እንደ ሞኝነት ይቈጥረዋል። ሌባው በሌሊት ያደረገውን ሁላችን እናወግዛለን፤ ጧት በፀሐይ የሚደረገውን ሽያጭ ግን ንግድ ነው ብለን እናልፈዋለን። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው፥ ማለት ስለ ተቀባዩ ነው። ሌባ መስታወት አይበላም፤ መስቀልም አይበላም፤ የሚበላው ተቀባዩ የሚሰጠውን ገንዘብ ነውና።

በኦሪት ዘፀአት የተጻፈውን ሥርዐት ሊቃውንቱ ያውቁታል። የተሰረቀው በሬ በሕይወቱ ሳለ በሌባው እጅ ቢገኝ ካሣው ዕጥፍ ነው፤ ዐርዶት ወይም ሸጦት እንደ ሆነ ግን ስለ አንዱ በሬ 5፥ ስለ አንዱ በግ 4 ይከፍላል። ስርቆቱ አንድ ሆኖ ሳለ ካሣው ስለ ምን ተለየ? ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ በሌባው በረት የታሰረ ከብት ገና ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት መንገድ አለው፤ የተሸጠው ግን ከሌላው መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ዱካው ጠፍቷል። ዱካውን የሚያጠፋው ደግሞ ገዢው ነው። ሰሎሞንም በምሳሌው መጽሐፍ የሌባን ተካፋይ የራሱ ነፍስ ጠላት አድርጎ መቍጠሩ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ወደ አገራችን የተጻፈ ሕግ ስንመለስ፥ ከፍትሐ ነገሥት በኋላ የ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ቀጥሎም ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. ሕግ፥ በመጨረሻም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተከታትለዋል። ይህ የመጨረሻው ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፥ ውንብድናን በአንቀጽ 670፥ መሸሸግን በአንቀጽ 682 ለያይቶ አስቀምጧል። ስርቆትና ውንብድና የሚለያዩት በኀይል ነው። ሌባ የሰውን ገንዘብ ይነካል፤ ወንበዴ ግን ገንዘቡንም ሰውነቱንም ይነካል፤ በጡጫም ቢሆን በጩቤ ወይም በከባድ ዛቻ ተቃውሞን ሰብሮ ይወስዳልና ቅጣቱ ይከብዳል።

ተቀባዩ ከሁለቱም ስፍራ አልነበረም። በር አልሰበረም፥ ጩቤም አልመዘዘም፤ ስለዚህ በዳኛ ፊት ሲቆም «እኔ በገንዘቤ ገዛሁ» ይላል። ሕጉ ግን ይህን መልስ አስቀድሞ ዐስቦበታል። መግዛት ብቻ አይደለም፤ በስጦታ የተቀበለ፥ በመያዣ የወሰደ፥ ያስቀመጠ፥ የደበቀ፥ እንዲሸጥም የረዳ፥ ዕቃው በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያደረገው እንደ ሆነ በደለኛ ነው። ይህን ሥራ ሙያው አድርጎ የያዘውንም አክብዶ ይቀጣዋል። አስቀድሞ «አምጣልኝ፥ እገዛሃለሁ» ብሎ ከሌባው ወይም ከወንበዴው ጋር የተስማማ ከሆነማ ከተቀባይነት አልፎ ግብረ አበር ይሆናል፤ ያልመዘዘውም ጩቤ በእርሱ ላይ ይቈጠርበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ቃል ነው። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ዳኛ የሚመረምረው ዋጋውን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውንና ሻጩን ነው። ብዙ ብር የሚያወጣ ዕቃ በሲሶ ዋጋ፥ ያለ ደረሰኝ፥ ከመሸ በኋላ፥ የዕቃውን ስም እንኳ አስተካክሎ በማይጠራ ሰው እጅ ቢቀርብ፥ ገዢው «አላወቅሁም» ቢል ሊታመን አይገባውም። ዳሩ ግን በርካሽ የገዛ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። በአደባባይ ገበያ አሮጌ ኮት የገዛውን ድኻ ይዞ ማሰር፥ ዋናውን ነጋዴ ግን መተው፥ ሕጉ የሚፈልገው ፍርድ አይደለም። እንዲህ ያለውንም ፍርድ አይተን የማናውቅ አይደለንም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ከ300 ዓመት በፊት በሎንዶን ከተማ ጆናታን ዋይልድ የሚባል ሰው ራሱን የሌባ አዳኞች አለቃ ብሎ ሰይሞ ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ እርሱም ወሮታ ተቀብሎ ዕቃውን ያስመልሳል። ምስጢሩ ግን ሌቦቹ የእርሱ ሰዎች መሆናቸው ነበር፤ አልታዘዝም ያለውን ሌባ ለፍርድ አሳልፎ እየሰጠ ያሰቅለው ነበር። በመጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1718 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፥ ሌባውን ለፍርድ ሳያቀርብ የተሰረቀ ዕቃ ለማስመለስ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው እንደ ሌባው እንዲቀጣ አዘዘ። ዋይልድም በዚሁ ሕግ ከአንዲት ሴት ሱቅ ስለ ተሰረቀ ዳንቴል ተፈርዶበት በ1725 ዓ.ም. ተሰቀለ። የገዛ ስፖኪዮውን የሚገዛ ወገናችን ይህን ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው፤ ለሚመጣው ሌሊት ደመወዝ እየከፈለ ነውና።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ግን የተሰረቀው ንዋየ ቅድሳት ሲሆን ነው። መስታወት በመስታወት ይተካል፤ አባቶች የባረኩበት መስቀል በምን ይተካል? በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኀኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ተሰርቆ በቤልጂግ አገር ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። መስቀሉ በእግሩ አልሄደም፤ ከላስታ ተራራ እስከ ፈረንጅ አገር እጅ ለእጅ የተቀባበሉት ሰዎች አሉ። (በ1860 ዓ.ም. በጦር ኀይል ከመቅደላ የተወሰደው ነገር የመንግሥታት ክርክር ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም።)

የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጡት የሚነገርለት ይህ ዘውድ በ1985 ዓ.ም. ጠፋ። በ1990 ዓ.ም. በኔዘርላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በስደት የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው በቤታቸው ካረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኙት፤ የተሰረቀ መሆኑንም ዐውቀው ከቤታቸው እንዳይወጣ ከለከሉ። ለማን እንደሚያስረክቡት ሳይተማመኑ 21 ዓመት ሸሽገው ጠበቁት፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ነገሩን በውጭው ብቻ የሚያይ ሰው አቶ ሲራክ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ያስቀመጡና የደበቁ ናቸው ሊል ይችላል። ነገር ግን የሌባ ተቀባይ የሚሸሽገው ከባለቤቱ ነው፤ እርሳቸው የሸሸጉት ለባለቤቱ ነው። ዳኛ ዕቃውን በማን እጅ እንዳገኘው ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተያዘ መጠየቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በሰኔ 1987 ዓ.ም. በሮም የተደረገው ስለ ተሰረቁ ቅርሶች የሚናገር የመንግሥታት ስምምነት የተሰረቀ ቅርስ የያዘ ሰው እንዲመልስ ያዝዛል፤ ካሣ የሚያገኘውም የተሰረቀ መሆኑን ያላወቀና ማወቅም የማይጠበቅበት፥ ሲገዛም ተገቢውን ጥንቃቄ ያደረገ መሆኑን ካስረዳ ብቻ ነው። ጥንቃቄው ከሚመዘንባቸውም ነገሮች አንዱ ገዢው የተሰረቁ ቅርሶችን መዝገብ ተመልክቶ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ መዝገብ ከሌለ ገዢው ምን ይመለከታል? ያልተመዘገበ መስቀል ሲጠፋ፥ ተቀባዩ «አላወቅሁም» የሚለውን ቃል እኛው ራሳችን ሰጠነው ማለት ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ስለ ምዝገባ ደንግጓል። አንዳንድ ካህናት ግን ዕቃ ቤቱን ለመዝጋቢ መክፈት ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ መዝጋቢውም እንደ ማንኛውም ሰው ሊፈተን ይችላልና። ስለዚህ ምዝገባው ቄሰ ገበዙና የሰበካው ሽማግሌዎች ባሉበት ቢደረግ፥ አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ፥ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፥ አንዱም በመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ቢቀመጥ፥ የገባና የወጣ ሁሉ በፊርማ ቢሆን ይሻላል። አጻጻፉም ይታሰብበት። «አንድ የብር መስቀል» ተብሎ የተጻፈ ማንኛውም መስቀል ሊሆን ይችላል። ቁመቱና ክብደቱ ተለክቶ፥ ፎቶግራፉ ከሁለት ወገን ተነሥቶ፥ «የግራ ክንዱ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ፥ በጀርባው የሰጪው ስም በግእዝ የተቀረጸበት» ተብሎ የተጻፈውን ግን አሻሻጩም፥ ገዢውም፥ የባዕድ አገር ዳኛም ሌላ ነው ሊሉት አይችሉም።